የፀሐይ ፓነል ዘንበልታ በወልቂጤና በቡታጅራ

ዘንበልታ የፀሐይ ፓነል ከአግድም ወለል ጋር የሚሠራው ማዕዘን ነው። ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ለተገናኘ ፓነል ምርጡ ማዕዘን በዓመት ውስጥ ብዙ ኪሎዋት ሰዓት የሚያስገኘው ሲሆን መነሻው የቦታው ኬክሮስ ነው። ወልቂጤና ቡታጅራ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኙ የቀትር ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አናት ላይ ትውላለች። በእነዚህ መካከል በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በሰኔ 15 ዲግሪ ያህል ትርቃለች። በታኅሣሥ ግን ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ገደማ ታዘነብላለች።

ፀሐይ በሰሜን የምታልፍባቸው አብዛኞቹ ሳምንታት የክረምት ናቸው፤ ደመናው ቀጥተኛውን ጨረር ይጋርዳል። የጠራ ሰማይ የሚበዛው በበጋ፣ ፀሐይ በደቡብ ሳለች ነው። ስለዚህ ፓነሉን ወደ ደቡብ አዙሮ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ማዘንበል ይበጃል። ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ዝናብ አቧራውን በደንብ አያጥበውም። ለመካከለኛው አውሮፓ የሚመከረው ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ለዚህ አገር አይስማማም።

ጥቂት ዲግሪ መሳት ግን የሚያሳስብ አይደለም። ጨረሩ ከቀጥታው በ10 ዲግሪ ቢያፈነግጥ የሚጎድለው 1.5 በመቶ፣ በ20 ዲግሪ ደግሞ 6 በመቶ ብቻ ነው። ወደ ደቡብ ያዘነበለ የቆርቆሮ ጣሪያ ካለ በራሱ ተዳፋት ላይ መግጠም ለብረት መቆሚያ ከማውጣት ይሻላል። የባሕር ዛፍ ጥላ ከማዕዘን ስህተት የበለጠ ይጎዳል። ቡታጅራም ከጉራጌ ተራሮች በስተ ምሥራቅ ግርጌ ስለተቀመጠች ለተራራው በቀረቡ ሰፈሮች ፀሐይ ቀድማ ትጠልቃለች።