ከክብር ካባው በፊት የነበረው ባንድ

ዩኒቨርሲቲያችን ጅማ በ2002 ዓ.ም. ለድምፃዊ አሊ ቢራ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷል። ብዙዎቻችን በዚህ እንኮራለን፤ ደግ አደረግን። ዲግሪው የያዘው ግን የአንድ ሰው ስም ነው። ታሪኩን ከሥሩ ስንይዘው ቀድሞ የምናገኘው ባንድ ነው።

አሊ መሐመድ ሙሳ በ1939 ዓ.ም. ድሬዳዋ ተወለደ። ድሬዳዋ የባቡር ከተማ ናት፤ የዓረብኛ፣ የሶማሊኛና የሕንድ ዘፈን ይሰማባታል። ኦሮምኛ ዘፈን ግን የሠርግ ቤት እንጂ የመድረክ ነው ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ የከተማዋ ወጣቶች ተሰባስበው አፍረን ቀሎን መሠረቱ። ስሙ «አራቱ ቀሎዎች» እንደማለት ነው፤ አላ፣ ባቢሌ፣ ዳጋና ኦቦራ። አሊ ሸቦና ሸንተም ሹቢሳም ከዚሁ ባንድ ናቸው። አሊ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው ተቀላቀለ። «ቢራ» የሚለውንም ስም ያገኘው እዚያው ከዘፈነው ዘፈን ነው፤ ቢራ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ የሚጠራበት ወቅት ነው።

ባንዱ ዕድሜው አጭር ሆነ። የንጉሡ መንግሥት በጥርጣሬ ዓይን አይቶ አገደው፤ አባላቱም ተበተኑ። አሊ አዲስ አበባ ገብቶ በ1950ዎቹ መጨረሻ ክብር ዘበኛን ተቀላቀለ። ኡድና ጊታር እየተጫወተ፣ ግጥምና ዜማ እየደረሰ፣ ከኦሮምኛ ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛ ዘፈነ። በኦሮምኛ አልበም በማሳተምም ቀዳሚው እሱ እንደሆነ ይነገርለታል። በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶ ብዙ ዓመት በውጭ ኖረ።

ወደ ጭሮ፣ ወደ ድሮዋ አሰበ ተፈሪ፣ ስንመጣ ነገሩ ይገርማል። እዚህ ያለው ኢቱ ነው፤ ከአራቱ ቀሎዎች አይቆጠርም። ዘፈኑ ግን በካሴት ሂርና፣ በዴሳ፣ ገለምሶ ድረስ ዘለቀ፤ «የእነሱ ነው» ብሎ የመለሰው የለም። ሐኪም ስለሆንኩ ምክንያቱ አይጠፋኝም። ሕመሙን በእናቱ ቋንቋ የሚናገር በሽተኛ ሌላ ሰው ነው፤ ቀና ብሎ ይቀመጣል፣ የሚያወራውም የተሟላ ነው። እነዚያ ልጆች ለሕዝቡ የሰጡት ይኼንኑ ነው፤ በራስ አፍ፣ በአደባባይ፣ ሳያፍሩ መናገርን።

አሊ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ በሕክምና ላይ እያለ አረፈ፤ የተቀበረው በትውልድ ከተማው ነው። የእሱ ዘፈን አይጠፋም፣ ሺህ እጅ ይዞታል። የሚያሳስበኝ የባንዱ ነገር ነው። ማን ምን ደረሰ፣ ማን ምን መታ፣ የቱ ሠርግ ላይ ተጫወቱ የሚለውን የሚያውቁት አዛውንቶች ናቸው፤ እነሱም እያለፉ ነው። እኛ ሂስትሪ ሳንወስድ በሽተኛ አንነካም። ጭሮ ላይ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የምታስተምሩም የምትሠሩም በሐረርጌ ሞልታችኋል። አንድ አዛውንት ፊት ቁጭ ብሎ ስልክን ሪከርድ ላይ ማድረግ በጀት አይጠይቅም። ካባውን ለአንዱ አልብሰናል፤ የቀሩትን ቢያንስ በስም እንወቃቸው።