የጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ ዝርያዎች፤ ግኝታቸውና አጠባበቃቸው

ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1 ሺህ 800 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው የጣና ሐይቅ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ በርካታ የዓሣ ዝርያዎች መኖሪያ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሐይቁን ዓሦች ከታችኛው የዓባይ ተፋሰስ ዓሦች በመለየቱ ዝርያዎቹ በራሳቸው መንገድ ሊለወጡ ችለዋል።

በሐይቁ ከሚገኙት ዓሦች መካከል በተለምዶ ነጭ ዓሣ የሚባሉት የሳይንስ ትኩረት ያገኙት ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። ጀርመናዊው አሳሽ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ) የተወሰኑትን ገልጾ ስም ሰጥቷቸዋል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ በ1973 የወጣ ጥናት የተለያዩትን ቅርጾች በአንድ ዝርያ ሥር አጠቃለላቸው።

ይህን አመለካከት የለወጡት የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ናገልከርከና ሲቢንግ ናቸው። ተመራማሪዎቹ የዓሦቹን የራስ፣ የአፍና የአካል መጠን በመለካት፣ አመጋገባቸውንና የመራቢያ ቦታቸውን በማነጻጸር ልዩነቱ የዝርያ መሆኑን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ በ1997 ባወጡት ክለሳ 7 አዳዲስ ዝርያዎችን ገልጸዋል። ከዓሦቹ መካከል 8ቱ ሌሎች ዓሦችን የሚመገቡ ሲሆኑ፣ ይህም በመንጋጋው ላይ ጥርስ በሌለው የካርፕ ቤተሰብ ዘንድ ያልተለመደ ነው።

ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም በዚህ ሥራ ተሳትፈዋል። እሸቴ ደጀን እ.ኤ.አ በ2000 ከኔዘርላንድስ ባልደረቦቻቸው ጋር በሐይቁ ክፍት ውኃ የሚኖር ትንሽ ዓሣ፣ አበበ ጌታሁን ደግሞ እ.ኤ.አ በ2007 ከሜላኒ ስታያስኒ ጋር የጋራ ወገን ዝርያዎችን ለሳይንስ አስተዋውቀዋል።

አንድን ዝርያ መለየት ለስያሜ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ሁሉም ነጭ ዓሣ አንድ ዝርያ ቢሆን ኖሮ በአንድ ወንዝ የደረሰ ጉዳት ከሌላው ሊካካስ ይችል ነበር። ነገር ግን ከዝርያዎቹ ከፊሎቹ በክረምት ወራት ወደ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ የመሳሰሉ ገባር ወንዞች በመውጣት ጠጠራማና ንጹሕ ውኃ ባለበት ቦታ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በወንዞች አፍ ላይ የሚዘረጋ መረብ እነዚህን ዓሦች ከመራባታቸው በፊት በብዛት ይይዛል። እ.ኤ.አ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣ ክምችት በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን በሐይቁ ላይ የተካሄደ ጥናት አመልክቷል።

ጉዳዩ ከሐይቁ ዳርቻ የራቁ አስተዳደሮችንም ይመለከታል። በአዊ ዞን ዳንግላ ወረዳ የሚፈሰው የክልቲ ወንዝ የግልገል ዓባይ ገባር በመሆኑ፣ በአካባቢው ከእርሻ ማሳ የሚታጠበው አፈርና በመስኖ የሚወሰደው ውኃ የዓሦቹን መራቢያ ሊጎዳ ይችላል። በመሆኑም በአዊ ተዳፋት ላይ የሚከናወን የአፈርና ውኃ ጥበቃ ለዓሣ ሀብቱም ዋስትና ነው።

የፌዴራል መንግሥት የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን አውጥቷል። ዩኔስኮም የጣናን አካባቢ እ.ኤ.አ በ2015 በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቧል። እነዚህ ሕጎችና እውቅናዎች ፍሬ የሚያፈሩት የግብርና፣ የውኃና የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቶች በመራቢያ ወራት የሚደረገውን አሥጋሪነት እና የላይኛውን ተፋሰስ አጠባበቅ በጋራ ሲከታተሉ ነው።