ንጉሥ ያሳፈረች መርከብ

የጣሊያንን ወረራ የሚተርኩ መጻሕፍታችን ፈጥነው የሚያልፏት አንዲት መርከብ አለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ኢየሩሳሌም እንደ ሄዱ ይነገረናል፤ ከዚያ በኋላ ትረካው ንጉሠ ነገሥቱን ተከትሎ ወደ ጄኔቭ ይሻገራል። መርከቢቱ ግን መልሕቋን አንሥታ ከታሪካችን ትወጣለች። ስሟን የሚጠይቅ፣ ከዚያስ ወዴት ሄደች የሚል ጥቂት ነው።

ስሟ ኢንተርፕራይዝ ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ ጦርነት ከገነነችው፣ ይህንኑ ስም ከያዘችው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ጋር መምታታት የለባትም። ይህችኛዋ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ቀላል ክሩዘር ነበረች። ቀላል ክሩዘር ወፍራም ብረት ከለበሱት ታላላቅ የጦር መርከቦች ያነሰች፣ ከትናንሾቹ አጥፊ መርከቦች ግን የበለጠች፣ በፍጥነቷና ርቃ በመሄድ ችሎታዋ የምትታመን መርከብ ናት። የንግድ መስመር ትጠብቃለች፤ ጠላት ታሥሣለች፤ በየወደቡ የመንግሥቷን ሰንደቅ ታሳያለች፤ አንዳንዴም ዙፋኑን የተነጠቀ ንጉሥ ትጭናለች።

ግንባታዋ የተጀመረው በስኮትላንድ፣ በክላይድ ወንዝ ዳር በሚገኘው በጆን ብራውን የመርከብ መሥሪያ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 1918 ነበር። የታሰበችው የጀርመንን ፈጣን መርከቦች እንድታሳድድ ነው። ነገር ግን በአምስት ወር ውስጥ ጦርነቱ አለቀ፤ ጥድፊያውም አብሮ በረደ። ሥራዋ ተጠናቆ አገልግሎት የጀመረችው በ1926 ነው። ርዝመቷ 174 ሜትር፣ ፍጥነቷ 33 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 61 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ሰባት ባለ 6 ኢንች መድፎችና 16 የቶርፒዶ መተኮሻዎች ታጥቃለች። ላለፈው ጦርነት ዘግይታ የደረሰች መርከብ ነበረች። ለሚቀጥለው ጦርነት ግን፣ እንደምናየው፣ በሰዓቱ ደርሳ ነበር፤ እንድትተኩስ አልታዘዘችም እንጂ።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የኢትዮጵያ ጦር ተሸነፈ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲመለሱ መኳንንቱ ተሰብስበው መከሩ። አብዛኛው ንጉሡ ወደ ጄኔቭ ሄደው ይሟገቱ አለ፤ እንደ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ያሉት ደግሞ ንጉሥ አገሩን ጥሎ አይወጣም ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። ያ ክርክር ዛሬም በመካከላችን አልበረደም። ሚያዝያ 24 ቀን ባቡሩ ተነሣ፤ በማግሥቱ ጅቡቲ ደረሰ። ሚያዝያ 26 ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 1936፣ ንጉሠ ነገሥቱ፣ እቴጌ መነን፣ ልጆቻቸውና እንደ ራስ ካሣ ያሉ ታላላቅ ሹማምንት በኢንተርፕራይዝ ተሳፈሩ።

መርከቢቱ የባብ ኤል መንደብን ወሽመጥ አልፋ ወደ ሰሜን ስታቀና በስተግራዋ የኤርትራ ጠረፍ ተዘርግቶ ነበር፤ የወረራው ጦር የተራገፈበት ምጽዋም በዚያው መስመር ይገኛል። እርሷ በቀይ ባሕር ላይ ሳለች፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ማርሻል ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ። ቀጥሎ ስዌዝ ነው። በዚህ ቦይ ላይ ትንሽ መቆም ይገባል፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ቦይ ውስጥ ነውና።

ጣሊያን ወታደሩን፣ ጥይቱንና ስንቁን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ያመላለሰው በዚህ ቦይ በኩል ነው። በግብፅ የእንግሊዝ ጦር ነበረ፤ በእስክንድርያ የእንግሊዝ መርከቦች ነበሩ። ቦዩ ግን አልተዘጋም። በ1888 በቁስጥንጥንያ የተፈረመው ውል ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ለሁሉም ክፍት ይሁን ይላል ተባለ። የመንግሥታቱ ማኅበርም በኖቬምበር 1935 በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን ከዝርዝሩ ውጭ አደረገ። ስለዚህ የወራሪው መርከቦች ሲያልፉበት የከረሙበትን ውኃ፣ የተወረረው አገር ንጉሥ በእንግሊዝ ክሩዘር ላይ ሆነው አለፉበት። ሜይ 8 ቀን ሃይፋ ደረሱ፤ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ።

የቀረው ጉዞ የባሰ ይናገራል። ከሃይፋ የተነሡት በሌላ የእንግሊዝ ቀላል ክሩዘር፣ በኬፕታውን ነው፤ እርሷ ግን ያደረሰቻቸው እስከ ጂብራልታር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ኦርፎርድ በተባለች የመንገደኞች መርከብ ተሳፍረው ጁን 3 ቀን ሳውዝሃምፕተን ገቡ። በጦር መርከብ የሚመጣ ንጉሥ የመንግሥት እንግዳ ነው፤ በመንገደኞች መርከብ የሚመጣ ግን መንገደኛ ነው። አማርኛችን «ማሳፈር» ሲል መርከብ ላይ ማውጣትንም አንገት ማስደፋትንም በአንድ ቃል ያነሣል። በዚያ ወር ሁለቱ ፍቺዎች አልተለያዩም።

ሎንዶን እጇን ያልሰነዘረችበት ምክንያት ነበራት፤ በቅን መንፈስ ልንመዝነውም ይገባል። የባሕር ኃይሉ አለቆች ጣሊያንን እናሸንፋለን ብለው ያምኑ ነበር። የፈሩት በድሉ መካከል የሚሰጥሙትን መርከቦቻቸውን ነው። በሩቅ ምሥራቅ ጃፓን፣ በአውሮፓ ጀርመን እየበረቱ ሳሉ፣ ስለ ኢትዮጵያ ብሎ መርከብ ማጣት ለነገ የማይተካ ጉዳት መሰላቸው። የሚያስቀይሙት ጣሊያን ደግሞ ሦስተኛ ጠላት እንዳይሆንባቸው ሠጉ። መርከቦቹ ለነገ ይቆጠቡ ተባለ።

ኢንተርፕራይዝ እንግዲህ ለነገ ከተቆጠቡት አንዷ ናት። ያ ነገ ምን ይዞ እንደ ጠበቃት እንመልከት።

ጦርነቱ በሴፕቴምበር 1939 ሲጀመር በሰሜን አትላንቲክ የንግድ መርከቦችን እንድታጅብ ተላከች። በኤፕሪል 1940 ጀርመን ኖርዌይን ወረረች፤ ኢንተርፕራይዝም ወደ ናርቪክ ሄደች። ኤፕሪል 24 ቀን ከታላቋ የጦር መርከብ ከዎርስፓይት ጋር ሆና ወደቡን በመድፍ ደበደበች። ጁን 10 ቀን፣ እንዳይቀየም የተፈራለት የሙሶሊኒ መንግሥት እንግሊዝንና ፈረንሳይን ሊወጋ ጦርነት አወጀ። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ፈረንሳይ ከጀርመን ጋር የተኩስ ማቆም ውል ፈረመች።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ለእንግሊዝ መርከበኞችም የሚመር ነው። የፈረንሳይ መርከቦች በሂትለር እጅ ይወድቃሉ ተብሎ ስለ ተፈራ በአድሚራል ሶመርቪል የሚመራ ኃይል ወደ አልጄሪያ ተላከ፤ ኢንተርፕራይዝም ከዚያ ኃይል ጋር ነበረች። ጁላይ 3 ቀን 1940 በሜርስ ኤል ከቢር ወደብ የነበሩት የፈረንሳይ አዛዦች የቀረበላቸውን ምርጫ አልቀበልም አሉ። ታላላቆቹ መርከቦች ተኮሱ። ተኩሱ ከሩብ ሰዓት አልዘለቀም፤ በዚያን ቀንና በተከታዩ ጥቃት የሞቱት ፈረንሳውያን 1,297 ናቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት ወዳጅ ነበሩ። በ1935 የወራሪን መንገድ መዝጋት አስቸጋሪ ነው ያለ መንግሥት፣ በ1940 የወዳጁን መርከቦች በወደባቸው አቃጠለ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ቃል ለቤተሰብና ለመንደር ብቻ የተነገረ አይደለም።

በዚህ መካከል በእኛ አገር አርበኞች ጫካ ከገቡ አምስተኛው ዓመት ሆኖ ነበር። ጣሊያን የእንግሊዝ ጠላት ስትሆን ያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ተፈለጉ፤ በጥር 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ገቡ፤ ባዶሊዮ በገባበት ዕለት በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ አዲስ አበባ ደረሱ። ኢንተርፕራይዝ በዚያን ጊዜ በህንድ ውቅያኖስ ላይ ነበረች።

በዚያው ውቅያኖስ ላይ ነው ከሥራዎቿ ሁሉ የሚያስመሰግናትን የፈጸመችው። ኤፕሪል 5 ቀን 1942፣ የፈረንጆች የትንሣኤ እሑድ፣ የጃፓን አውሮፕላኖች ከሲሎን ደቡብ ምዕራብ ሁለት የእንግሊዝ ከባድ ክሩዘሮችን፣ ዶርሴትሻየርንና ኮርንዎልን፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አሰጠሙ። 424 ሰዎች ሞቱ። የተረፉት ዘይት በተንሳፈፈበት ባሕር ላይ፣ በፀሐይ እየተቃጠሉ፣ ቁስለኞቻቸውን በጥቂት ጀልባዎችና ስብርባሪዎች ላይ አድርገው ሌሊቱን አሳለፉ። የጃፓን መርከቦች በአካባቢው ስለ ነበሩ ወዲያው የሚደርስላቸው አልነበረም። በማግሥቱ ሶመርቪል፣ ያው የሜርስ ኤል ከቢሩ አድሚራል፣ ኢንተርፕራይዝን ከሁለት አጥፊ መርከቦች ጋር ላካት። ሦስቱ መርከቦች 1,122 ሰዎችን ከውኃ አወጡ። የመርከብ ኩራት የሚቆጠረው በመድፏ ቢሆንም፣ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ቢጠየቅ የሚያስታውሰው ገመድና እጅ የዘረጉለትን መርከበኞች ነው።

በ1943 ታድሳ ወደ አውሮፓ ውኃ ተመለሰች። አዛዧ ካናዳዊው ካፒቴን ሃሮልድ ግራንት ነበር። ዲሴምበር 28 ቀን 1943 በቢስኬ ባሕረ ሰላጤ፣ ከባልንጀራዋ ከግላስጎው ጋር ሆና አሥራ አንድ የጀርመን መርከቦችን ገጠመች፤ አምስት አጥፊዎችና ስድስት የቶርፒዶ ጀልባዎች። የጀርመኖቹ አጥፊዎች ፈጣኖች፣ ከባድ መድፍም የታጠቁ ነበሩ፤ ማዕበሉ ግን እያናወጠ ዒላማ ከለከላቸው። ሁለቱ ክሩዘሮች ሦስቱን አሰጠሙ። በግላስጎው ላይ ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ ከጀርመኖች ከ400 በላይ አለቁ።

ከዚህ ድል አጠገብ አንዲት ትንሽ መርከብ መነሣት አለባት። ኬርሎግ ትባላለች፤ በጦርነቱ ገለልተኛ የነበረችው የአየርላንድ ናት፤ 43 ሜትር ብቻ ርዝመት ያላት፣ ከሊዝበን ብርቱካን ጭና ወደ ደብሊን የምትጓዝ ነበረች። በማግሥቱ የጀርመን አውሮፕላን ምልክት ሰጣትና አቅጣጫዋን ቀይራ ስትሄድ ባሕሩ በሰው ተሞልቶ አገኘችው። 168 ጀርመናውያንን አወጣች። በየክፍሉ፣ በሞተሩ ቤትም ሳይቀር፣ ሰው ተጠቅጥቆ፣ ብርቱካኑን እያካፈለች ወደ አየርላንድ ወሰደቻቸው። ለማንም ያልወገነች መርከብ ለሰው ወገነች።

ጁን 6 ቀን 1944 የተባበሩት ኃይሎች ኖርማንዲ ላይ ሲያርፉ ኢንተርፕራይዝ ዩታ በተባለው ዳርቻ የሚያርፉትን አሜሪካውያን በመድፍ ደገፈች። ጁን 25 ቀን ደግሞ የሼርቡርን ምሽጎች ደበደበች። ጦርነቱ ሲያበቃ ከሩቅ ምሥራቅ ወታደሮችን ወደ ቤታቸው መለሰች። በኤፕሪል 1946 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች፤ በዌልስ፣ በኒውፖርት ከተማ፣ ተቆራርጣ አለቀች። ንጉሠ ነገሥቱን ከጫነች ገና አሥር ዓመት መሙላቷ ነበር።

እንግዲህ ሒሳቡን እንቁጠረው። ጃፓንና ጀርመን እስኪመጡ ትቆጠብ የተባለችው መርከብ ከጀርመን ጋር ተዋጋች፤ በጃፓን የተመቱትን ወገኖቿን ከባሕር ለቀመች፤ ጣሊያንም ቢሆን መታገሥ ወዳጅ አላደረገውም። ከሦስቱ ጠላቶች አንዱም አልቀረላትም። በላዩ ላይ የፈረንሳይ ወዳጅነት ተቃጠለ። በ1935 ቦዩ ቢዘጋ ሂትለር ይፈራ ነበር ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ታሪክ ያልተሄደበትን መንገድ አያሳይም። የተሄደበት መንገድ ግን የት እንዳደረሰ ይታያል፤ ከናርቪክ እስከ ሼርቡር ተጽፏል።

ጁን 30 ቀን 1936 ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ ቆመው የተናገሩት ይህንኑ ነበር፦ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፣ የትናንሽ አገሮች ሁሉ ነው አሉ። በአዳራሹ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ረበሿቸው፤ ማኅበሩም በሳምንት ውስጥ ማዕቀቡ እንዲነሣ ወሰነ። ንጉሡ ከአገር መውጣት ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም የሚለውን እኛው እንከራከርበት፤ የራሳችን ነው። ያቺ መርከብ ግን ሌላ ጥያቄ ይዛ ዞራለች። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ላይ ሰባት መድፎቿ ዝም ብለው፣ ተወራሪውን ከወራሪው ፊት ዞር አድርጋ ስታሻግር፣ ያሳፈረችው ንጉሡን ብቻ አልነበረም። የላኳትንም ጭምር ነው።