ሙዓሊም፦ የቁርኣን ቤቱ ቃል በባሕር ላይ

ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ «ሙዓሊም» ቢባል ብዙ ሰው የሚያስበው ልጆችን ቁርኣን የሚያስቀራውን ሰው ነው። ቃሉ «ዐሊመ» (ዐወቀ) ከሚለው የዐረብኛ ሥር የተገኘ ሲሆን የሚያሳውቅ፣ የሚያስተምር ማለት ነው። በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ሲመላለሱ በኖሩ ሙስሊም ባሕረኞች ዘንድ ግን ሙዓሊም ሌላም ሰው ነበር፤ ከዋክብትን እያየ መርከቡን ከወደብ ወደብ የሚያደርስ መንገድ ዐዋቂ።

መርከቡ ላይ «ናኹዳ» የሚባልም ነበር። ቃሉ ፋርስኛ ነው፤ የመርከብ ጌታ ማለት ነው። ባለ ንብረቱ ወይም ወኪሉ ስለሆነ ጭነቱና ንግዱ የእሱ ጉዳይ ነው። አቅጣጫው፣ የውኃው ጥልቀት፣ የነፋሱ ወቅት ደግሞ የሙዓሊሙ። «መላሕ» ቀድሞ ተራውን መርከበኛ የሚጠራ ቃል ነበር፤ ዛሬ በዐረብኛ «ሚላሓ» የባሕርም የአየርም ጉዞ አመራር ዕውቀት መጠሪያ ሆኗል።

ከሙዓሊሞች ሁሉ ስሙ የገነነው በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የጁልፋሩ (የዛሬዋ ረእስ አል-ኸይማ) አሕመድ ኢብን ማጂድ ነው። «ኪታብ አል-ፈዋኢድ» የተባለው መጽሐፉ የኮከብ ከፍታ በጣት ስፋት እንዴት እንደሚለካ፣ ወደቦች የት እንዳሉ፣ ነፋሱ መቼ እንደሚነሳ ያስተምራል። ቀይ ባሕርንም በሰፊው ጽፎበታል።

እዚህ ላይ በየመድረኩ የሚደጋገም አንድ ስሕተት አለ። በ1498 (እ.ኤ.አ) ቫስኮ ዳ ጋማን ከማሊንዲ ወደ ሕንድ የመራው ኢብን ማጂድ ነው ይባላል። አንዱ በኩራት፣ ሌላው በቁጭት ያወራዋል። ወሬው የተነሳው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው የመካ ታሪክ ጸሐፊ አን-ነህረዋሊ ሲሆን ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች አይቀበሉትም። የፖርቱጋል ጸሐፊዎች መሪውን የጉጅራት ሰው ነው ብለው «ማሌሞ ካና» ይሉታል። «ማሌሞ» ደግሞ የሰው ስም አይደለም፤ ያው የእኛው «ሙዓሊም» ነው። ማዕረግ እንደ ስም ተቆጥሮ ነው ነገሩ የተወሳሰበው።

ቃሉ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። በኢንዶኔዥያ የንግድ መርከቦች «ሙዓሊም» ከካፒቴኑ ቀጥሎ ያለ የመርከብ መኮንን ነው፤ ካፒቴኑ ራሱ «ናኾዳ» ይባላል። ስዋሂሊ «ምዋሊሙ»ን ለአስተማሪ አስቀርቶ የመርከብ አለቃውን «ናሆዳ»፣ የአውሮፕላን አብራሪውን «ሩባኒ» ይለዋል (ከዐረብኛው «ሩባን»)። አማርኛ ግን «መርከበኛ» እና «ባሕረኛ» ብሎ ሁሉንም በአንድ ላይ ይጠራል። መንገድ መሪውን ለይቶ ለመጥራት «ናቪጌተር» ማለት የለመድነው ለዚህ ይመስለኛል። የቀድሞ አስተማሪ ስለሆንኩ አድልቼ ሊሆን ይችላል እንጂ «ሙዓሊም» ቢባል የተሻለ ነበር።

ለሐበሻ ሙስሊም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ615 ሰሐቦች ወደ ነጃሺ አገር የመጡት በባሕር ነው። በ628 ከጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ጋር በሁለት መርከብ የተመለሱትን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «የመርከቡ ሰዎች» ብለው ሁለት ሒጅራ እንዳላቸው መስክረውላቸዋል። የሲራ መጻሕፍት የተሳፋሪዎቹን ስም ዘርዝረዋል፤ መርከቡን የመሩት ግን በስም አይጠቀሱም።

ዛሬ የሙዓሊሙን ሥራ ስልካችን ይሠራዋል። ከአዲስ አበባ ቂብላ ከሰሜን 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ምሥራቅ ያጋደለ ነው። ስለዚህ ባትሪው ያለቀበት ሰው የሰሜን ኮከብን ቢፈልግ ይበቃዋል። ኮከቡ በእኛ ሰማይ ዝቅ ብሎ፣ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው የሚታየው፤ ከ18 ማዞሪያ ሲያዩት ተራራው ወይም ፎቁ ካልጋረደው።