ከጂቡቲ ሬዲዮ መደርደሪያ የወጣው ድምፅ፦ የተረሱ ሙዚቃዎች እንዴት ይገኛሉ? የማንስ ናቸው?

በጂቡቲ ከተማ የሚገኘው ብሔራዊ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያ፣ በፈረንሳይኛ ምህጻሩ ‘ኤርቴዴ’፣ በምሥራቅ አፍሪካ በጥሩ ሁኔታ ተጠብቀው ከቆዩ የድምፅ ክምችቶች የአንዱ ባለቤት ነው። በመደርደሪያዎቹ ላይ የሶማሊኛና የአፋርኛ ዘፈኖችን የያዙ በሺዎች የሚቆጠሩ ቴፖች ተደርድረዋል። አብዛኞቹ ተቀርጸው በሬዲዮ ተሰሙ እንጂ በሸክላ ታትመው በዓለም ገበያ አልተሸጡም። ለአሥርት ዓመታት ከከተማዋና ከአካባቢዋ ውጭ የሚያውቃቸው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር።

ዛሬ ግን ከእነዚህ ሥራዎች የተወሰኑት በአውሮፓና በአሜሪካ የሸክላ መሸጫዎች ይገኛሉ። የተረሱ፣ እንግዳ የሆኑና ከዋናው ገበያ ውጭ የቀሩ ቅጂዎችን የሚያስሱ ሰዎች ጂቡቲን በካርታቸው ላይ አስፍረዋታል። ይህ ፍለጋ ከየት መጣ? ለሙዚቃው ባለቤቶችስ ምን አስገኘ? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፓንክ እና የጠፉ ሸክላዎች

ያልታወቁ ሸክላዎችን የማሰስ ልማድ በብዙ የሙዚቃ ዓይነቶች ዘንድ አለ። በፓንክ ወዳጆች ዘንድ ግን የተለየ ምክንያት አለው። ፓንክ በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒውዮርክና በለንደን የተስፋፋ ፈጣን፣ አጭርና ጩኸት የበዛበት የሮክ ስልት ነው። አቀንቃኞቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ደጃቸውን እስኪከፍቱላቸው አልጠበቁም። የማንችስተሩ ባዝኮክስ ባንድ በጥር 1977 ‘ስፓይራል ስክራች’ የተባለውን ሥራውን በተበደረው 500 ፓውንድ ገደማ ራሱ አሳትሞ አወጣ። የመጀመሪያው ኅትመት 1 ሺህ ቅጂ ነበር። ይህን ያዩ ሌሎች ባንዶችም በየከተማቸው ጥቂት መቶ ቅጂዎችን እያሳተሙ ማከፋፈል ያዙ።

በዚህ መንገድ የታተመ ሸክላ በቀላሉ ይጠፋል። ማስታወቂያም ሆነ የተደራጀ ማከፋፈያ ስለሌለው በጓደኛሞች እጅ ይቀራል፤ ባንዱም ይበተናል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሰብሳቢዎች እነዚህን ቅጂዎች እያሰባሰቡ በጥራዝ መልክ ማውጣት ጀመሩ። ብዙውን ጊዜ ይህን ያደርጉ የነበረው ባለመብቶቹን ሳያስፈቅዱ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው በዲትሮይት ከተማ ሦስት ጥቁር ወንድማማቾች የመሠረቱት ‘ዴዝ’ (ሞት) የተባለ ባንድ ነው። ወንድማማቾቹ ፓንክ ገና ስም ባልወጣለት በ1975 ሥራቸውን ቀረጹ። ስማቸውን እንዲቀይሩ የቀረበላቸውን ጥያቄ ባለመቀበላቸው የትልቅ ኩባንያ ውል ሳያገኙ ቀሩ። በ1976 በራሳቸው ወጪ 500 ሸክላ አሳተሙ፤ ከዚያም ተረሱ። ቅጂው በሰብሳቢዎች እጅ ገብቶ ሙሉ አልበሙ የወጣው በ2009 ነው። የባንዱ መሪ ዴቪድ ሃክኒ ግን ከዘጠኝ ዓመት በፊት በ2000 አርፎ ነበር። ግኝት ሁልጊዜ በጊዜው አይደርስም።

ጂቡቲ፦ ገበያ ሳይኖር የተቀረጸ ሙዚቃ

የጂቡቲ ሙዚቃ ከዓለም ጆሮ የራቀበት ምክንያት ከዲትሮይቱ ይለያል። አገሪቱ ከፈረንሳይ ነጻነቷን ያወጀችው በሰኔ 1977 ነው። በፕሬዝዳንት ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን ዘመን በአንድ ፓርቲ ሥርዓት ስትተዳደር ሙዚቃም በመንግሥት ጥላ ሥር ሆነ። ታላላቅ ባንዶች የፓርቲና የመንግሥት ተቋማት አካል ነበሩ፤ የሚቀረጹትም በብሔራዊው ሬዲዮ ነበር። ‘4 ማርስ’ የተሰኘው ግዙፍ ባንድ ስሙን የወሰደው ገዥው ፓርቲ ከተመሠረተበት ከመጋቢት 4 ቀን 1979 ነው።

ሥርዓቱ በአንድ በኩል ሙዚቀኛውን ከገበያ አራቀው፤ በሌላ በኩል ቴፑን ከመበታተን ጠበቀው። የግል አሳታሚዎች በነበሩባቸው አገሮች ዋናዎቹ ቅጂዎች በየቤቱና በየሱቁ ተበትነው ጠፍተዋል። በጂቡቲ ግን በአንድ ሕንፃ ውስጥ ተቆልፈው ቆዩ።

ቁልፉን ለማግኘት ከሞከሩት መካከል በቪክ ሶሆኒ የተመሠረተው ኦስቲናቶ ሪከርድስ ይገኝበታል። ድርጅቱ ከጣቢያው ጋር ተደራድሮ ወደ ክምችቱ ለመግባት ፈቃድ ካገኘ በኋላ በ2021 የ4 ማርስን የቆዩ ሥራዎች በአልበም አወጣ። በአልበሙ የሶማሊ ዜማ ከሕንድ ፊልሞች ዘፈን፣ ከግብፅና ከየመን ስልት፣ ከካሪቢያን ምት ጋር ተቀላቅሎ ይሰማል። ለጂቡቲ ይህ አስገራሚ አይደለም። ከተማዋ የባብ ኤል መንደብ መተላለፊያ ደጃፍ ናት፤ ከ1917 ጀምሮ ደግሞ በባቡር ከአዲስ አበባ ጋር ተገናኝታለች። መርከብና ባቡር ከጭነት ጋር ዘፈንም ያመላልሳሉ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2020፣ ይኸው ድርጅት የሬዲዮ ጣቢያውን ባንድ የ‘ግሩፕ ኤርቴዴ’ን አልበም አውጥቶ ነበር። ይህ የድሮ ቴፕ ሳይሆን በጣቢያው ስቱዲዮ በሦስት ቀናት የተቀረጸ አዲስ ሥራ ነው። የባንዱ አባላት በሥራ ሰዓታቸው በመንግሥት ሥነ ሥርዓቶች ላይ የሚጫወቱ ናቸው። ስለዚህ ወደ መዝገብ ቤቱ የሄደ ሰው ያገኘው ያለፈውን ብቻ አልነበረም፤ የዚያ ድምፅ ወራሾች በሕይወት ነበሩ፤ ሥራቸውንም አላቋረጡም።

ከመሬት በታች

ከመንግሥት መደርደሪያ ይልቅ ምድር ያዳናቸው ቅጂዎችም አሉ። በ1988 የሲያድ ባሬ መንግሥት የጦር አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ሲደበድቡ፣ የሬዲዮ ሐርጌሳ ቴፖችና ካሴቶች ከጥቃቱ እንዲተርፉ ከፊሎቹ መሬት ውስጥ ተቀበሩ፤ ከፊሎቹም ወደ ጂቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ። ከዓመታት በኋላ ተቆፍረውና ተሰባስበው ወጡ። ዛሬ በሐርጌሳ የሚገኘው የቀይ ባሕር የባህል ፋውንዴሽን ከ10 ሺህ በላይ ካሴቶችን ይዟል። ከዚህ ክምችት የተመረጡ ዘፈኖች በ2017 በአልበም ወጥተው በታሪካዊ አልበሞች ዘርፍ ለግራሚ ሽልማት ታጭተዋል።

ሸለላ በፓንክ መድረክ

በኢትዮጵያ ፍለጋውና ፓንክ በቀጥታ የተገናኙት በአንድ የሳክስፎን ተጫዋች አማካይነት ነው። ጌታቸው መኩሪያ የጦር ሜዳ ወኔ መቀስቀሻ የሆነውን ሸለላ ከድምፅ ወደ ሳክስፎን ያሸጋገረ ባለሙያ ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫውቷል። በ1972 በሸክላ የወጣው አልበሙ ከአገር ውጭ በስፋት የተሰማው፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው ‘ኢትዮፒክ’ በተሰኘው ተከታታይ ክፍል ውስጥ በ2003 እንደገና ሲወጣ ነው።

በ1979 በአምስተርዳም የተመሠረተው የሆላንድ ፓንክ ባንድ ‘ዘ ኤክስ’ በ2002 ኢትዮጵያ ውስጥ ተዘዋውሮ ተጫውቶ ነበር። ባንዱ በ2004 የ25ኛ ዓመት በዓሉን ሲያከብር ጌታቸውን ጋበዘ። ያኔ ጌታቸው ወደ 70 ዓመት እየተጠጋ ነበር። ከዚህ ግንኙነት በ2006 ‘ሞዓ አንበሳ’ የተሰኘው አልበም ተወለደ። ጥምረቱ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መድረኮች ለዓመታት ዘለቀ። የሸለላው ፉከራና የፓንኩ ጊታር ሩቅ ለሩቅ ቢመስሉም ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ የሰሚውን ደም ማሞቅ። ጌታቸው በ2016 ያረፈው ሥራው እንደገና ከታወቀ፣ ራሱም በመድረክ ከተጨበጨበለት በኋላ ነው።

ተመሳሳይ ዕድል የገጠመው ሌላው ባለሙያ ኃይሉ መርጊያ ነው። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ የሠራውን ‘ሸሞንሟናዬ’ የተሰኘ ካሴት አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር አገኘው። ባለቤቱን አፈላልጎ ሲደውል፣ ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር። አልበሙ በ2013 እንደገና ወጣ፤ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ።

ቴፕ እንዴት ይሞታል?

እነዚህ ዕድሎች የተገኙት ቅጂዎቹ ስለተረፉ ነው። የማግኔት ቴፕ ግን ዕድሜው የተወሰነ ነው። በአሲቴት የተሠራው የቆየ ዓይነት እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው ይበሰብሳል፤ ምልክቱም የኮምጣጤ ሽታ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከተመረቱት ብዙዎቹ ደግሞ መግነጢሳዊ ዱቄቱን የያዘው ማጣበቂያ እርጥበት መጥጦ ይሟሟል። እንዲህ ያለ ቴፕ ዝም ብሎ ማጫወቻ ላይ ከተጫነ ተጣብቆ ይላጣል። ባለሙያዎች በዝቅተኛ ሙቀት ለሰዓታት ካደረቁት በኋላ ብቻ አጫውተው ወደ ዲጂታል ይገለብጡታል። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚያልፍባትና የባሕር እርጥበት በማይለያት ጂቡቲ፣ መብራት ተቋርጦ ማቀዝቀዣ ሲቆም አደጋው ይጨምራል።

ድምፁ መትረፉም ብቻውን በቂ አይደለም። የዘፋኙ፣ የዜማ ደራሲው፣ የተቀረጸበት ቀንና የአጃቢዎቹ ስም ያልተጻፈበት ቴፕ ሙዚቃው ቢተርፍ እንኳ ባለቤቱ ይጠፋል። ክፍያም ሆነ ምስጋና የሚደርሰው ስሙ ለታወቀ ሰው ነው።

ባለቤቱ ማን ነው?

ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ይህ ነው። የኢትዮጵያን የሸክላ ወርቃማ ዘመን ከፈጠሩት አንዱ አምኃ እሸቴ፣ ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት የአገር ፍቅር ማኅበር በነበረበት ጊዜ፣ በ1969 በራሱ ድፍረት ሥራ ጀመረ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ገንዘቡን ያወጣውና አደጋውን የተቀበለው አሳታሚ ይታወቃል። በጂቡቲ ግን አሳታሚውም አሠሪውም መንግሥት ነበር፤ ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነው። ዘፈኑ ከ40 ዓመት በኋላ ፓሪስ ወይም ኒውዮርክ ሲሸጥ ድርሻው ለጣቢያው ነው፣ ለዘፋኙ ነው፣ ወይስ ለቤተሰቡ? በደመወዝ ዘመን የተፈረመ ወረቀት ይህን አስቀድሞ አያስብም።

ሕግም የጊዜ ገደብ አለው። በኢትዮጵያ በ2004 የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ለድምፅ ቅጂ አሳታሚዎችና ለከዋኞች የሚሰጠው ጥበቃ 50 ዓመት ነው፤ ለደራሲው ደግሞ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት። ፍለጋው በዘገየ ቁጥር የሚከፈለው ሰው እያነሰ ይሄዳል።

የጂቡቲ መደርደሪያ ከዲትሮይቱ ታሪክ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ቴፖቹ አሉ፤ ከቀረጿቸው ሰዎች መካከልም በሕይወት ያሉ አሉ። በቴፑ ላይ ከበሮ የመታው ማን እንደሆነ መጠየቅ የሚቻለው እነርሱ እያሉ ነው። ከእነርሱ በኋላ የሚመጣ አሳሽ ድምፁን እንጂ ስሙን አያገኝም።