ባሕር በሌላት ከተማ የጀልባ ሞተር

መቀሌ ባሕር የላትም። ከባሕር ጋር የሚያዛምዳት ነገር ቢኖር ከአፋር ቆላ በግመል ሲመጣባት የኖረው አሞሌ ጨው ነው። እንዲህም ሆኖ የዛሬው ጽሑፌ ስለ አሮጌ ሞተር፣ ያውም የጀልባ ሞተር ዘመድ ስለሆነ ሞተር ነው።

ነገሩ በፎቶግራፍ ጀመረ። እንግሊዝ አገር የሚኖር የትምህርት ቤት ጓደኛዬ፣ አንድ አዛውንት ከአሮጌ የቦይ ጀልባ ሆድ ውስጥ ሞተር አውጥተው በብሩሽ ሲያጥቡ የሚያሳይ ፎቶ ላከልኝ። የሞተሩን ስም ሳነብ ሳቄ መጣ። ሊስተር! እኔ የማውቀው ሊስተር የሚነዳው ወፍጮ እንጂ ጀልባ አይደለም።

አር. ኤ. ሊስተር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1867 በእንግሊዝ ደርስሊ ከተማ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1929 ደግሞ ሲኤስ የሚባለውን የናፍጣ ሞተር ለገበያ አቀረበ። ሲኤስ ማለት በቅዝቃዜ የሚነሣ ማለት ነው፤ ቀደምቶቹ ሞተሮች ከመነሣታቸው በፊት ጭንቅላታቸው በእሳት መጋል ነበረበት። የታወቀው ባለ አንድ ሲሊንደሩ ዓይነት ስድስት የፈረስ ጉልበት አለው፤ በደቂቃ 650 ጊዜ ብቻ ይዞራል። የዛሬ መኪና ቆሞ ሲያንኮራፋ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይፈጥናል። ረጅም ዕድሜውም ከዚህ ዝግታ የመጣ ነው። በዚያው ዘመን የወጣው ታናሽ ወንድሙ ጄፒ ወደ ጀልባ ገባ፤ ዛሬም በእንግሊዝ ቦዮች ላይ ባለቤቶቹ እንደ ልጅ የሚንከባከቡት ሞተር ነው። የደርስሊው ፋብሪካ ሲኤስን መሥራት እ.ኤ.አ. በ1987 ቢያቆምም በሕንድ፣ በተለይም በራጅኮት ከተማ፣ ቅጂው መመረቱ ቀጥሏል። ስለዚህ በየገጠሩ «ሊስተር» የሚባለው ሁሉ እንግሊዛዊ ነው ብላችሁ እንዳትወራረዱ።

እኔን ያገናኘኝ ሊስተር የሚገኘው ከመቀሌ ወጣ ብሎ በሚገኝ ወፍጮ ቤት ነው። ባለቤቱ አቦይ (እንዲህ ነው የምንጠራቸው) የኤሌክትሪክ ወፍጮ ካስገቡ ቆይተዋል። ሊስተሩ ጥግ ላይ ጆንያ ተከምሮበት ተረሳ። በጦርነቱ ጊዜ፣ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ባለው፣ ክልሉ ለረጅም ጊዜ ከብሔራዊ የኤሌክትሪክ መረብ ተቋርጦ እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል፤ መቀሌ እንደገና የተገናኘችው በኅዳር 2015 ነው። ያኔ ጆንያው ተነሣ። ናፍጣ በተገኘ ቀን ሊስተሩ ይፈጫል፤ ባልተገኘ ቀን ሰው እህሉን ይዞ ይመለሳል። መብራቱ ሲመጣ ሊስተሩ በድካም ላይ ነበር፤ አንድ ቀን ቆመ፤ ከዚያም ዝጎ ተጣበቀ። አሁን የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ በኪሎ ሊገዛው ይመላለሳል።

እኔ የሕግ ሰው ነኝ፤ ከመፍቻ ጋር ብዙም አንተዋወቅም። ስለዚህ ከቀዳማይ ወያነ ገበያ አካባቢ አንድ መካኒክ ይዤ ሄድኩና የሚሠራውን ቆሜ አየሁ። የተጣበቀ ፒስተን በመዶሻ አይመታም። ናፍጣና ዘይት ተቀላቅሎ በላዩ ይፈስስና ቀናት ይተዋል፤ ከዚያ በቮላኖው በኩል ወዲህና ወዲያ ቀስ እያሉ ማለማመድ ነው። ሲላቀቅ ቴስታታው ወርዶ ቫልቮቹ ይሞረዳሉ፤ ፋሻና ብሮንዚን ይለካል። ሲሊንደሩ ከተበላ ወደ ቶርኖ ቤት ይኬዳል። (የሞተሩ ፋብሪካ እንግሊዝ፣ የዕቃዎቹ ስም ጣልያንኛ፣ የሚፈጨው እህል የእንደርታ!) ከሁሉ በፊት ግን መካኒኩ በሁለቱ ቮላኖዎች ላይ ረጅም ጊዜ ፈጀ። በጨርቅ ጠርጎ፣ በትንሽ መዶሻ መታ እያደረገ ድምፃቸውን አዳመጠ። ስንጥቅ ያለበት ቮላኖ ሥራ ላይ ሳለ ቢፈነዳ የብረቱ ስባሪ ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ ሞተሩ ባይነሣ ይሻላል።

ከዚያ የውኃ መተላለፊያው ተከፈተ። የእንግሊዙና የመቀሌው ሞተር የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ባሕር ላይ የሚሠራ ጀልባ ሞተሩን በባሕር ውኃ ካቀዘቀዘ ጨው ብረቱን ይበላዋል፤ ለዚህም ነው በምትኩ የሚበላ የዚንክ ቁራጭ የሚያስሩለት። የእኛ ሊስተር የሚቀዘቅዘው አጠገቡ በቆመ በርሜል ነው። የሞቀው ውኃ ወደ ላይ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይተካዋል፤ ፖምፓ አያስፈልገውም። የመቀሌ ምድር ግን የኖራ ድንጋይ የበዛበት በመሆኑ ውኃው ጠንካራ ነው። በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የምናየው ነጭ ቅርፊት በሞተሩ ሆድ ውስጥም ይጋገራል፤ መተላለፊያው ይጠብባል፣ ሞተሩ ይግላል። መካኒኩ ቅርፊቱን በሽቦ እየፈነቀለ ሲያወጣ አቦይ አንዱን አንሥተው አገላበጡና «ይሄን ሁሉ ጠጥቶ ነው የሠራ?» አሉ።

ወደ ሙያዬ ልመለስ። አብሮኝ የሄደ ወዳጄ «ይህ ቅርስ ነው፣ ለምን አይመዘገብም?» አለኝ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ትርጉሙ ሰፊ ነው፤ የሰው የፈጠራና የሥራ ውጤት ሆኖ በሳይንስ፣ በታሪክ ወይም በእደ ጥበብ ረገድ ትልቅ ዋጋ ያለውን ያቅፋል። አንድ የሕግ ባለሙያ ጥሩ አድርጎ ከተከራከረ ሊስተሩን ሊያስገባው ይችላል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በአዋጁ መሠረት ቅርስ በእጁ ያለ ባለቤት በራሱ ወጪ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ለጥገናም አስቀድሞ የባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ለአፄ ዮሐንስ ቤተ መንግሥት ይህ ተገቢ ነው። ለወፍጮ ቤት ግን ፋሻ ለመቀየር ማመልከቻ መጻፍ ሊሆን ነው። እኔ የአቦይ ጠበቃ ብሆን እንዳያስመዘግቡ እመክራቸው ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንብረታቸውን የመሸጥ መብት ሰጥቷቸዋል፤ ለእኛ ናፍቆት ሲባል ሙዚየም እንዲከፍቱ አይገደዱም።

ስለዚህ የተከራከርኳቸው በሕግ ሳይሆን በሒሳብ ነው። ሊስተሩ ከተነሣ መብራት በጠፋ ቀን ይፈጫል፤ ከተሸጠ የሚያስገኘው የአንድ ቀን ገንዘብ ነው። ደግሞም መካኒኩ ረዳት አድርጎ ያመጣው ወጣት እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያለ ሞተር ሲፈታ አይቶ አያውቅም ነበር። አቦይ አዳመጡኝ፤ ምንም አልመለሱም።

ቮላኖዎቹ ደህና ናቸው። ቴስታታው ታጥቧል። የቀረው ፋሻና ጓርኒሲዮን ነው፤ ፋሻው ከአዲስ አበባ ይመጣል ተብሏል። የብረት ነጋዴው ባለፈው ሳምንትም መጥቶ ነበር። አቦይ «እስከ ፋሲካ ድረስ» ብለው መልሰውታል፤ ማኖቬላውንም ቤታቸው ወስደው ቆልፈውበታል።