ሩዝና ጥንቸል፤ የሥዕል ፊደል ጨዋታና ቁም ነገር

ጽሕፈት በመጀመሪያ የተወለደው ከሥዕል ነው። በጥንታዊት ግብፅ ከዛሬ 5,000 ዓመት በፊት የነገሠው የናርመር ስም የተጻፈው በአምባዛና በመሮ ሥዕል ነበር። «ናር» ዓሣው፣ «መር» መሮው፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ንጉሡ። በዚህ ዘዴ ሥዕሉ መልኩን ትቶ ድምፁን ያበድራል።

ይህ ጥንታዊ ጥበብ በዘመናችን በእጅ ስልክ ላይ እንደ ገና ታይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ሺጌታካ ኩሪታ የተባለ ጃፓናዊ ለአንድ የስልክ ኩባንያ 176 ጥቃቅን ሥዕሎችን ነደፈ። እነዚህም ኢሞጂ ተባሉ፤ በጃፓንኛ «ኤ» ሥዕል፣ «ሞጂ» ፊደል ማለት ነው። በ2010 ዩኒኮድ የተባለው የዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ኢሞጂዎችን ሲመዘግብ፣ በነጭ ሩዝ የተሞላችው ጎድጓዳ ሳሕንም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። ፍቺዋም ምግብ ከመሆን የሚያልፍ አልነበረም።

በቻይንኛ ድምፃቸው ተቀራራቢ፣ ፍቺያቸው ግን የተለያየ ቃላት እጅግ ብዙ በመሆናቸው፣ በቃል መጫወት የቆየ ልማድ ነው። መንግሥት «የተስማማ ኅብረተ ሰብ» በሚል መፈክር ጽሑፎችን ሲሰርዝ፣ ሕዝቡ «ስምምነት» የሚለውን ቃል በድምፅ በሚቀርበው «የወንዝ ሸርጣን» ተካው። በ2010 የሠዓሊው አይ ዌይዌይ የሻንግሃይ ስቱዲዮ እንዲፈርስ በተወሰነ ጊዜ፣ እርሱ በቤጂንግ ከቤቱ እንዳይወጣ ቢከለከልም፣ እንግዶቹ በስቱዲዮው ተሰብስበው ሸርጣን በሉ። ማዕዱ ራሱ ቅኔ ሆነ።

በ2018 ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ከባድ ነበር። «ሚ ቱ»፣ ማለትም «እኔም» በሚል የእንግሊዝኛ ቃል የተጀመረው የጾታ ጥቃትን የማጋለጥ እንቅስቃሴ ቻይና ሲደርስ፣ ሴቶች በመምህራንና በሌሎች ባለ ሥልጣኖች የደረሰባቸውን በደል መጻፍ ጀመሩ፤ ጽሑፎቻቸውም ይሰረዙ ጀመር። በቻይንኛ ሩዝ «ሚ»፣ ጥንቸል «ቱ» ይባላል። ስለዚህ የሩዟ ሳሕንና የጥንቸሏ ፊት ጎን ለጎን ተሰለፉ። ለማያውቅ ተመልካች የሕፃናት ጨዋታ፣ ለሚያውቅ የተበደለች ሴት ጩኸት። ሰሙ ማዕድ፣ ወርቁ ፍትሕ መሆኑ ነው።

በእርግጥ ኅብሩ በታወቀ ቁጥር መሰወሪያነቱ ይቀንሳል፤ ሥዕልም የፍርድ ቤትን ውሳኔ አይተካም። ነገር ግን ብቻዋን የነበረች ተበዳይ ያችን ሩዝ ስታይ፣ ሌሎችም እንዳሉ ታውቃለች። ሥዕል ከንጉሥ ስም ተነሥቶ እስከ ተበዳይ ድምፅ የተጓዘበት መንገድ ይህን ያስተምራል፤ ቃል ሲታገድ ሕዝብ ሌላ ፊደል አያጣም።